ለአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ መጫን፦ ዊንዶውስን ከማንሳታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ጣና ዳር

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን የቢሮውን ኮምፒውተሮች የመከታተል ኃላፊነትም ተሰጥቶኛል። ያሉን 6 ዴስክቶፖች በሙሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ናቸው፤ ኢንቴል ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አላቸው። ሁሉም የሚሠሩት በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ስሪት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን ታውቃላችሁ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ እና ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ 3ኛ ትውልድ የሆኑት የእኛ ኮምፒውተሮች ከመስፈርቱ ውጪ ናቸው።

በዚህ በጀት ዓመት አዲስ ኮምፒውተር እንደማይገዛ ቦርዱ ወስኗል። በሌላ በኩል የአባላት መዝገብና የቁጠባ ሂሳብ የተቀመጠባቸውን ኮምፒውተሮች ማሻሻያ በሌለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኢንተርኔት ላይ ማቆየት ኅሊናዬ አልተቀበለውም። ስለዚህ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመጫን አስቤአለሁ። የቢሮው ሥራ በአራት ይከፈላል፦ ጸሐፊያችን በአማርኛ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች፣ የሂሳብ ክፍሉ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ይሠራል፣ የአባላት መዝገብ በኤክሴል ተይዟል፣ ሁላችንም ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 በሆነ አንድ ፕሪንተር እናትማለን። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ሰዎች የትኛውን የሊኑክስ ዓይነት እንደምትመርጡና ከመጀመሬ በፊት ምን ማጣራት እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሰሌዳ

አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና የምተዳደር ነኝ፤ 7010ን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ እነዚህ ኮምፒውተሮች አሁን ቀርፋፋ የሆኑት በፕሮሰሰሩ ምክንያት አለመሆኑን ነው። አይ5 3470 አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ስለሆነ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ኤክሴል ለመሥራትና ድረ ገጽ ለመክፈት ዛሬም በቂ ነው። ሁሉንም ነገር የሚጎትተው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሊኑክስ በዚያው ዲስክ ላይ ቢጫን ከዊንዶውስ 10 በተወሰነ ደረጃ ይፈጥናል፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሲገባለት ግን ኮምፒውተሩ የተለወጠ እስኪመስል ድረስ ልዩነቱ ይታያል። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ያለው፣ ሳታ በተባለው የዲስክ ገመድ የሚሰካ ተራ ኤስኤስዲ ይበቃል። ራሙም ዲዲአር3 ስለሆነ ከተገለገሉበት ዕቃ ሻጮች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል፤ ቦርዱ አራት የራም ቦታ ስላለው ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ አያስቸግርም። የላፕቶፕ ራም ግን አጭር ስለሆነ አይገባም፤ ሲገዙ የዴስክቶፕ መሆኑን ያረጋግጡ።

ኤስኤስዲ የመግዛት ሌላው ጥቅም ከፍጥነቱ ይበልጣል። ዊንዶውሱና ሰነዶቹ ያሉበትን ነባር ዲስክ ነቅለው ሊኑክሱን በአዲሱ ላይ ስለሚጭኑ፣ ምንም ነገር አይደመሰስም። አንድ ነገር ካልተስማማ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍቶ ነባሩን ዲስክ መልሶ መሰካት ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በጣም ውስን ከሆነ ራሙን ትታችሁ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ። በሚጫንበት ሰዓት ነባሩ ዲስክ ጨርሶ ተነቅሎ ይቆይ፤ ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ ማስነሻ ፕሮግራሙ ሳይታሰብ በነባሩ ዲስክ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ለቢሮ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። የ22ኛው ስሪት ቤተሰብ የተሠራው ኡቡንቱ በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት 24.04 ስሪት ላይ ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። 4 ጊጋባይት ራም ይዘው ለሚቀሩት ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ፣ 8 ለሚኖራቸው ሲናሞንን ይጫኑ። የሁለቱም አሠራር ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ምናሌው በታች በግራ በኩል ነው፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች በታችኛው መስመር ይደረደራሉ። ዴቢያን 13 የተባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነትም ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የኮምፒውተር ባለሙያ በቋሚነት ለሌለው ቢሮ ሚንት ይቀላል።

የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ የሚያወርዱ ከሆነ መስመሩ መሀል ላይ ሲቆረጥ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ካለቀ በኋላም ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን የማረጋገጫ ቁጥር በድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ከዚያ ሩፉስ በተባለው የማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጽፈው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ12ን በመጫን ከፍላሹ ያስነሱት። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ሙሉ በሙሉ መሥራት ይችላል። በዚህ ሁኔታ ፕሪንተሩን፣ ኔትወርኩን፣ ድምፁንና የአማርኛ አጻጻፉን ይሞክሩ። በዲስኩ ላይ ምንም ነገር ሳይነካ ከጥያቄዎችዎ አብዛኞቹ እዚያው መልስ ያገኛሉ።

ሂሳብ ሹሟ

ከሰሌዳ ሐሳብ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፒችትሪ የሚለው ቃል በጥያቄው ውስጥ በአንድ ሐረግ ብቻ ማለፉ አሳስቦኛል። ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ በሊኑክስ ላይ አይጫንም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ለማሠራት የሚያገለግለው ዋይን የተባለ መሣሪያ ቢኖርም፣ ፒችትሪ ከጀርባው ራሱን የቻለ የዳታቤዝ አገልግሎት ስለሚጠቀም የአንድን ቢሮ ሂሳብ በዚያ መንገድ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ደረሰኝና የወር መዝጊያ ሪፖርት ሊሞከርባቸው የሚገቡ ነገሮች አይደሉም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የኩባንያው ዳታ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ለይተው ማወቅ ይኖርብዎታል። በብዙ ቢሮዎች ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በፒችትሪ ሲሠሩ የዳታው ፎልደር የሚገኘው በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የቀሩት በኔትወርክ ይደርሱበታል። ያንን ኮምፒውተር ማን እንደሚጠቀምበት ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም፤ የሂሳብ ሠራተኛው የማይቀመጥበት፣ ጥግ ላይ ያለ የጸሐፊ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። እሱን አንስተው ሊኑክስ ቢጭኑበት የሂሳብ ክፍሉ በሙሉ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ፒችትሪ ተከፍቶ ሳለ የኩባንያው ፎልደር አድራሻ የት እንደሚያመለክት ተመልክተው በወረቀት ይጻፉ፤ በፒችትሪው በራሱ የባክ አፕ ትዕዛዝ ቅጂ ይውሰዱ፤ ቅጂውንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ከፍተው ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ይዩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክ አፕ አለ ለማለት አልደፍርም።

የእኔ ምክር የሂሳብ ኮምፒውተሮቹ በዊንዶውስ እንዲቀጥሉ፣ ነገር ግን ከኢንተርኔት እንዲወጡ ነው። እርስ በርሳቸው በኔትወርክ ይገናኙ፤ ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ግን ይዘጋ። ኢሜይልና የግብር ማሳወቂያ ድረ ገጾች በሊኑክሱ ኮምፒውተር በኩል ይሠሩ።

ጎህ

ሁላችሁም በጥሩ ሐሳብ እንደምትጽፉ አልጠራጠርም፤ እኔ ግን ይህ ሁሉ ድካም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዊንዶውስ 11ን በሩፉስ ሲያዘጋጁ የቲፒኤምና የፕሮሰሰር መስፈርቱን የሚያልፍ ምርጫ አለ። እኔ በተመሳሳይ 3ኛ ትውልድ ኮምፒውተር ላይ ጭኜው ይሠራል። ሠራተኛው የለመደውን ዎርድና ኤክሴል ይቀጥላል፣ ፒችትሪውም አይነካም። አዲስ ነገር በማስተማር የሚባክነው ጊዜም ዋጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

ሰሌዳ

ጎህ ያነሱት አማራጭ በእርግጥ አለ፤ በመሆኑም በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። አይ5 3470 የአሁኖቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች የግድ የሚፈልጓቸውን የፕሮሰሰር ትዕዛዞች ስለሚያውቅ መጫኑ ይሳካል። ለንጽጽር ያህል፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ኮር 2 ዱዎ ያላቸው ዴሎች የዊንዶውስ 11 ስሪት 24ኤች2ን ጨርሶ አያስነሱም፤ መስፈርቱን ማለፍም አይረዳቸውም።

ይሁንና ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ላላሟሉ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ አስታውቋል፤ በየዓመቱ የሚወጣው ዋና ስሪትም ለእነሱ በራሱ አይመጣም፤ አንድ ሰው በእጁ እንደገና መሥራት አለበት። ለራሱ ኮምፒውተር ይህን የሚያደርግ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል። የሌሎች ሰዎች ቁጠባ የተመዘገበበትን የቢሮ ኮምፒውተር ግን በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ማቆም፣ ዛሬ ያለብንን ችግር ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ማስተላለፍ ነው። በዚያ ላይ 4 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 እጅግ ይከብዳል፤ ኤስኤስዲውና ራሙ መገዛታቸው አይቀርም።

በሕጋዊው መንገድ መቆየት ለሚፈልግ ድርጅት ማይክሮሶፍት የተራዘመ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በክፍያ ያቀርባል። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል፤ የሚሰጠውም ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። ለ6 ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 366 ዶላር ማለት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የመክፈያ መንገድ ለሌለው አነስተኛ ማኅበር ይህ ቀላል አይደለም። በየሱቁ የሚሸጠውን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ደግሞ ለማንም አልመክርም፤ በውስጡ ምን አብሮ እንደገባ የጫነው ሰው እንኳን አያውቅም።

ፊደል ገበታ

ስለ አማርኛው ማንም በዝርዝር ስላልጻፈ እኔ ልቀጥል። ለበርካታ ዓመታት በጽሕፈት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ ወደ ሊኑክስ ሲዛወሩ ሥራው የሚቃናውም የሚሰናከለውም በዚህ ጉዳይ እንደሆነ አምናለሁ። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ቀን አንድ ደብዳቤ በለመደችው ፍጥነት መጻፍ ካልቻለች፣ የቀረው ነገር ምንም ያህል ቢያምር ቢሮው በሳምንቱ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል።

ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው አዲስ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ሚንት ላይ አይባስ የተባለውን የአጻጻፍ መቆጣጠሪያ ኤም17ኤን ከተባለው የቋንቋዎች ጥቅል ጋር በሶፍትዌር ማኔጀሩ በኩል ከጫኑ በኋላ፣ ሴራ የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ከዝርዝሩ ይመርጣሉ፤ ከዚያም ከመለያዎ ወጥተው እንደገና ይገባሉ። ድምፁን በላቲን ፊደል እየተከተሉ የሚጽፉበት ስልት ነው። የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግመው ሁለት ጊዜ ሲመቱ አራት ነጥብ ይወጣል፣ የእንግሊዝኛውን ኮማ ሲመቱ ነጠላ ሰረዝ ይወጣል። ሌላው ምርጫ ኪይማን የተባለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ነው፤ ለሊኑክስም የተዘጋጀ ሲሆን፣ የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የሠራውን የአማርኛ ኪቦርድ ይጭኑበታል። ጸሐፊዋ በዊንዶውስ ላይ ኪይማን የምትጠቀም ከነበረ እጇ ምንም ለውጥ አይሰማውም፤ ስለዚህ እሱን ያስቀድሙ። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የለመደች ከሆነ ግን አንዳንድ ፊደሎች የሚገኙበት ቁልፍ ይለያል፤ የለመደችውንና አዲሱን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ገጽ አትሞ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነባር ሰነድ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የተጻፉት ሰነዶች የአማርኛውን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ፎንቶችን ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለው ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው። ሰነዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ፎንቱ ብቻ ነው የጎደለው። በሕጋዊ መንገድ ከተገዛው ነባር ኮምፒውተራችሁ ላይ የፎንት ፋይሎቹን ወስዶ በሊኑክሱ የፎንት ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ ለማንበብ ያስችላል። ለዘለቄታው ግን የተዘጉ ፋይሎችን፣ ማለትም ያለፉ ዓመታት ቃለ ጉባኤዎችን፣ ውሎችንና መተዳደሪያ ደንቡን፣ ዊንዶውሱ ገና ሳይነሳ በፒዲኤፍ አስቀምጧቸው። ዊንዶውስ 10 ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ማተም ይችላል። ወደፊት የሚሠራባቸውን ብቻ መርጣችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ።

በዩኒኮድ የተጻፉትም ቢሆኑ አንድ ነገር ያስተውሉ። በዊንዶውስ ላይ የምናውቀው ኒያላ የተባለው ፎንት ሊኑክስ ላይ የለም። ሊብሬኦፊስ (በሊኑክስ ላይ በዎርድና በኤክሴል ምትክ የምንጠቀምበት ፕሮግራም) በምትኩ ኖቶ ወይም አቢሲኒካን ያስቀምጣል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ተጠናቆ የነበረ ደብዳቤ የፊርማና የማኅተም ቦታው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊሻገር ይችላል። ማኅተም ከፊርማው ጋር በአንድ ገጽ ላይ መዋል ስላለበት ይህ ተራ ነገር አይደለም። የቢሮውን የደብዳቤ ቅጽ በአንደኛው ፎንት እንደገና አዘጋጅታችሁ እንደ አብነት አስቀምጡት፤ ወደ ውጭ የሚላከውን ሁሉ ደግሞ በፒዲኤፍ ላኩ።

ሜሪላንድ ነዋሪ

ከአሜሪካ ሆኜ ይህን ክር በፍላጎት እየተከታተልሁ ነው። እዚህ ቢሮዎች የሚጥሏቸውን ተመሳሳይ ዴስክቶፖች ሰብስበን ለአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ስለምንልክ፣ ተቀባይ ለሆኑ ሰዎች ሁለት ነገር ላክል። ድርጅቶቹ ለዳታ ደኅንነት ሲሉ ዲስኩን አውጥተው ስለሚያስቀሩ ኮምፒውተሮቹ ብዙውን ጊዜ ያለ ዲስክ ይደርሳሉ፤ ለተቀባዩ ኤስኤስዲ ማዘጋጀት የግድ ይሆናል። ሌላው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው፤ በዕድሜ የገፉ አንዳንድ የኃይል ሳጥኖች ከኋላ በኩል 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣው በ115 ላይ ስለሚሆን፣ ሳይለወጥ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሰካ የኃይል ሳጥኑ ይቃጠላል። ማዞሪያ የሌለው በራሱ የሚያስተካክል መሆኑን በላዩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብቡ።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሂሳብ ሹሟ ምክር መሠረት የፒችትሪውን ፎልደር አድራሻ ስንከታተል በእርግጥም የሚያመለክተው የሂሳብ ሠራተኛው ወደማይቀመጥበት ወደ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እሱንና የሂሳብ ክፍሉን ሁለት ኮምፒውተሮች ለጊዜው አንነካቸውም። በጸሐፊያችን ኮምፒውተር ላይ ሚንትን ከፍላሽ አስነስተን ሞከርነው። ኔትወርኩና ድምፁ ምንም ሳይነካ ሠርቷል። ሦስት ነገሮች ግን አልገቡኝም። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ እንዳልተሞላ ገልጾ ኤፍ1ን እንድንጫን ይጠይቃል፤ ብሮውዘሩም ድረ ገጾችን አደገኛ ናቸው እያለ አይከፍትም። ፕሪንተሩ በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፣ ነገር ግን ስናትም ምንም አይወጣም። ኤስኤስዲውን ሰክተን መጫኛውን ስንከፍት ደግሞ ዲስኩን አያሳየንም።

ሰሌዳ

የመጀመሪያው የባትሪ ጉዳይ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ ስላለቀች፣ መብራት በጠፋ ወይም ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጸናበት ቀን ስላለው፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ከአሥር ዓመት በፊት ያለ ሲመስለው ሁሉንም ይጠራጠራል፤ የፕሮግራም ማሻሻያውም በተመሳሳይ ምክንያት አልወርድም ይላል። ሚንት ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን በራሱ ያስተካክላል፤ አንዳንድ የቢሮ ኔትወርኮች ግን ይህ የሚመጣበትን መስመር ይዘጋሉ። ባትሪዋ ርካሽ ስለሆነች በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ከመጫንዎ በፊት ይለውጧት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከሰዓቱ በላይ የሆነ ምክንያት ስላለ ነው፦ ባትሪዋ ስትሞት የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በደንብ ይሠራ የነበረ ሊኑክስ አልነሳም ይላል፤ ሰውም ጥፋቱን በሊኑክሱ ላይ ያደርጋል።

ዲስኩ ያልታየው ምናልባት በሳታው አሠራር ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ2ን ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ በሲስተም ኮንፊገሬሽን ሥር ሳታ ኦፕሬሽን የሚለውን ይክፈቱ። ዴል ከፋብሪካ ሲያወጣው ሬይድ በተባለው የዲስክ አሠራር ላይ አድርጎት ነው፤ ኤኤችሲአይ ወደተባለው ይለውጡት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በነባሩ ዲስክ ላይ ያለው ዊንዶውስ የተጫነው በሬይድ ምርጫ ስለሆነ፣ መልሰው ሲሰኩት ምርጫውን ወደ ሬይድ ካልመለሱት ሰማያዊ የስህተት ስክሪን ያሳያል። ስለዚህ ነባሩን ምርጫ በወረቀት ጽፈው በዲስኩ ላይ ይለጥፉት። ከተለወጠም በኋላ ካልታየ የሳታውን ገመድና ማስገቢያ ይቀይሩ። እዚያው ሳሉ የማስነሻው ዓይነት ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲሱ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሚንት ከተጫነ በኋላ በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ ኡቡንቱ በሚል ስም ቢታይ አይደናገጡ፤ መሠረቱ ኡቡንቱ ስለሆነ የሚጽፈው በዚያ ስም ነው።

ፒ1102ን በተመለከተ፣ ይህ ፕሪንተር ኤችፒ በተናጠል የሚያቀርበውን ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ በክፍት ምንጭ ስላልተለቀቀ ሚንት አብሮት ሊያሰራጨው አይችልም። ኤችፒሊፕ የተባለው የፕሪንተር ማዘጋጃ ሲከፈት ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭነዋል። ኤችፒሊፕ ወደ አዲስ ስሪት ሲሸጋገር ግን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። የቢሮው መስመር ደካማ ከሆነ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን ያጋሩ፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ያውቀዋል። ሌሎች አንባቢዎችም ፕሪንተራቸውን አስቀድመው ይፈትሹ፤ ለምሳሌ ካኖን ኤልቢፒ2900 ላይ የሊኑክሱ ሾፌር (ፕሪንተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) በጣም ያረጀ ስለሆነ ሥራው አድካሚ ነው፤ ያን ፕሪንተር ለሂሳቡ የዊንዶውስ ኮምፒውተር መተው ይሻላል።

ጣና ዳር

ባትሪውን ለውጠን፣ ሳታውን ወደ ኤኤችሲአይ አዙረን፣ በጸሐፊዋና በሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሚንት ተጭኗል። ፕሪንተሩ ተጨማሪው ፕሮግራም እንደወረደለት ማተም ጀመረ። ጸሐፊያችን በኪይማን ትጽፋለች፤ የደብዳቤ ቅጹንም በኖቶ ፎንት እንደገና አዘጋጅታ በአንድ ገጽ አስገብታዋለች።

ሳይታሰብ የተገኘ አንድ ጥቅም ልጥቀስ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚመለሱ ፍላሾች ሁልጊዜ በሾርትከት ቫይረስ ይያዙብን ነበር፤ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ይታያሉ። ጸሐፊዋ እንዲህ ያለ ፍላሽ በሚንት ላይ ስትሰካ፣ ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ አልተነሳም፤ የደበቃቸው ሰነዶች ደግሞ በሙሉ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተገኙ። ሾርትከቶቹን አጥፍታ ሰነዶቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። አሁን የሂሳብ ክፍሉም ከውጭ የመጣ ፍላሽን መጀመሪያ ወደ እርሷ ያመጣል።

የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የአባላት መዝገቡ የኤክሴል ፋይል በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ከዞኑ ጽሕፈት ቤት ጋር ስለምንለዋወጠው በየትኛው ዓይነት እናስቀምጠው? የተነቀሉትን ሦስት ነባር ዲስኮችስ እስከ መቼ እናቆያቸው?

ፊደል ገበታ

የሚለዋወጡትን ፋይል በኤክሴሉ ዓይነት ማስቀመጥ ይቀጥሉ፤ ሊብሬኦፊስ በምርጫዎቹ ውስጥ ሁልጊዜ በዚያ ዓይነት እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ፋይሉ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትዕዛዝ) ካለበት ግን እያንዳንዱን ለይታችሁ ሞክሩ፤ በኤክሴል የተጻፈ ማክሮ ሁሉ በሊብሬኦፊስ ላይ አይሠራም።

ሂሳብ ሹሟ

ዲስኮቹን በተመለከተ፣ ቢያንስ ሰኔ 30 ሂሳቡ ተዘግቶ የውጭ ኦዲተሩ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ አይነኩ። ኦዲተሮች ያለፈውን ዓመት ሰነድ በነበረበት መልክ ሊጠይቁ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ላይ የየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነና የተነቀለበትን ቀን ጽፋችሁ በሚቆለፈው የሰነድ ካቢኔ ውስጥ አስቀምጡ፤ የአባላት ስምና ሂሳብ ስላለባቸው በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ መተው የለባቸውም። ከኦዲቱ በኋላ አንዱ ዲስክ በደንብ ተደምስሶ ለሳምንታዊ ባክ አፕ ማስቀመጫ ይሁን፤ ቀሪዎቹን ለሽያጭ ወይም ለስጦታ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ከላይ እስከ ታች በዜሮ ተጽፎባቸው መጥፋታቸውን አረጋግጡ። ፎርማት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ፋይሎቹ ተመልሰው ሊነበቡ ይችላሉ።